አርደን፦ ስደተኞች የተዋደዱበት ጫካ

ሼክስፒር በአማርኛ አንባቢና ተመልካች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው በትራጄዲዎቹ ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ከመለሱ ወዲህ የእንግሊዛዊው ደራሲ ስም ሲጠራ በኅሊና የሚመጣው መርዝ፣ ሰይፍ፣ የሙት መንፈስና የቅናት እሳት ነው። ሳቅና ጨዋታ የሞላባቸው ኮሜዲዎቹ ግን ከደጅ እንደ ቀረ እንግዳ ተዘንግተዋል። ከእነዚህም አንዱ «እንደ ወደዳችሁ» ሊባል የሚችለው የፍቅር ተውኔት ነው። ተውኔቱ በ1599 ወይም በ1600 ገደማ እንደ ተጻፈ ይታመናል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በለንደን የአሳታሚዎች መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው በኦገስት 4 ቀን 1600 ሲሆን፣ ታትሞ ለአንባቢ የበቃው ግን ደራሲው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623 ነው።

ታሪኩ ሲነገር ተረት ይመስላል። ፍሬድሪክ የተባለ መስፍን ታላቅ ወንድሙን ከሥልጣን አውርዶ ያባርረዋል። ተባራሪው መስፍን ከጥቂት ታማኞቹ ጋር አርደን ወደተባለ ጫካ ገብቶ እንደ ሽፍታ ይኖራል። ልጁ ሮዛሊንድ በአጎቷ ቤተ መንግሥት ትቆያለች፤ እርሷም ውላ አድራ በዐሥር ቀን ውስጥ አገር እንድትለቅ ይፈረድባታል። የአጎቷ ልጅ ሴሊያ ከእርሷ መለየትን አሻፈረኝ ብላ፣ የቤተ መንግሥቱን አጫዋች ታችስቶንን አስከትለው ሦስቱም ይሰደዳሉ። ሮዛሊንድ ቁመቷ ዘለግ ያለ ነበርና የወንድ ልብስ ለብሳ «ጋኒሚድ» ትባላለች። በሌላ በኩል ኦርላንዶ የተባለ ወጣት፣ የአባቱን ርስት ጠቅልሎ የያዘው ታላቅ ወንድሙ ሊያስገድለው ስለ ተነሣ፣ አዳም ከተባለ ሽማግሌ የቤት አሽከር ጋር ሌሊት ይጠፋል። ኦርላንዶና ሮዛሊንድ በቤተ መንግሥቱ የትግል ግጥሚያ ላይ አንድ ጊዜ ተያይተው ተዋድደው ነበር። እርሱ ያን ዕለት ባላጋራውን በመሬት ላይ ቢዘርረውም በእርሷ ፊት አንዲት ቃል እንኳ መተንፈስ ተስኖት ቀርቷል። አሁን ሁለቱም አንዱ ያንዱን መምጣት ሳያውቅ፣ ለሁለቱም ባዕድ በሆነችው በዚያች የእረኞች መንደር ይገናኛሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጨዋታ ነው። ኦርላንዶ ለሮዛሊንድ ግጥም እየጻፈ በጫካው ዛፎች ላይ ይሰቅላል። ግጥሞቹ ክፉዎች ናቸው፤ ደራሲው ሆን ብሎ ክፉ አድርጎ ጽፏቸዋል፤ አጫዋቹ ታችስቶንም ወዲያው ቤት እየመታ ያላግጥባቸዋል። ሮዛሊንድ በጋኒሚድ ልብስ ሆና ትቀርበውና «ይህን የፍቅር በሽታህን እኔ አድንሃለሁ፤ ሮዛሊንድ ነኝ ብለህ በየቀኑ ና፤ አሽኮርምመኝ» የምትል ዓይነት ውል ታስገባዋለች። የሴት ተዋናይ በእንግሊዝ መድረክ ላይ የታየችው ከ1660 ወዲህ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ተመልካች ፊት የቆመው ወንድ ልጅ ሴት ሆኖ፣ ሴቲቱ ወንድ ሆና፣ ወንዱ ደግሞ መልሶ ሴት መስሎ ይጫወት ነበር። ሳቁ ከዚህ ይመነጫል። ቢሆንም ሮዛሊንድ በዚህ ሽፋን ውስጥ ሆና ኦርላንዶን የምታስተምረው ቁም ነገር አለ። በፍቅር ምክንያት እሞታለሁ የሚለው የባላባት ልጆች ቅኔ ውሸት መሆኑን፣ ሚስት ምስል እንዳልሆነች፣ ሰዓት አክብሮ መምጣት ከመቶ ስንኝ እንደሚበልጥ ትነግረዋለች። በሼክስፒር ተውኔቶች ውስጥ ለሴት ገጸ ባሕርይ ከተሰጡት ሚናዎች ሁሉ ረጅሙ የእርሷ ነው፤ የመዝጊያውንም ንግግር የምታደርገው እርሷው ናት።

ጫካው ራሱ የአስማት ምድር ነው። በጎች በሚሰማሩበት መስክ አጠገብ የዘንባባና የወይራ ዛፍ ይበቅላል፤ ከቁጥቋጦው ሥር እንስት አንበሳ አድብታ ትገኛለች። ይህን የመሰለ መልክዐ ምድር በፈረንሳይም ሆነ በእንግሊዝ የለም። ክፉዎቹ ጫካውን በረገጡ ጊዜ ክፋታቸው እንደ በረዶ ይሟሟል። የኦርላንዶ ወንድም ከአንበሳዪቱ መንጋጋ በወንድሙ ክንድ ከዳነ በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ሴሊያን ይወድዳል። ፍሬድሪክም ጦር አስከትሎ መጥቶ በጫካው ዳርቻ ከአንድ መናኝ ሽማግሌ ጋር ሲነጋገር ዓለምን ይንቃል። መጨረሻ ላይ የጋብቻ አምላክ ሃይመን በሙዚቃ ታጅቦ ከመካከላቸው ይገኛል። ከየት እንደ መጣ ማንም አይጠይቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለቤተ መንግሥት ሰዎች መዝናኛ የተፈጠረ የሕልም ዓለም ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙዎችም ብለዋል። የታሪኩን የትውልድ ሐረግ የተከተለ ግን እንዲህ ፈጥኖ አይፈርድም።

የዚህ ታሪክ ጥንተ መሠረቱ በዐሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት የተገጠመ «የጋሜሊን ተረት» የሚባል የእንግሊዝኛ ቅኔ ነው። በእጅ ጽሑፍ ሲወራረስ የኖረው ከቾሰር «የካንተርበሪ ተረቶች» ጋር እየተቀላቀለ ነው። በዚያ ቅኔ ውስጥ ፍቅር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ርስቱን በታላቅ ወንድሙ የተነጠቀ ወጣት ጫካ ገብቶ የሽፍቶች አለቃ ይሆናል፤ ተመልሶም ጉቦ የበላውን ዳኛና የሐሰት ፍርድ የሰጡትን ሰዎች ይሰቅላል። ቶማስ ሎጅ የተባለ የለንደን ከንቲባ ልጅ፣ ወደ ካናሪ ደሴቶች በመርከብ ሲጓዝ ጻፍሁት ባለውና በ1590 ባሳተመው «ሮዛሊንድ» በተሰኘ ልብ ወለድ ይህን የቂም ታሪክ የፍቅር ታሪክ አደረገው። ሼክስፒር የወሰደው ከሎጅ ነው። በሎጅ ዘንድ ቀማኛው ንጉሥ በጦር ሜዳ ይሞታል፤ ሼክስፒር ግን በመድረኩ ላይ ማንንም አልገደለም። ታችስቶንን፣ ነገር ሁሉ የሚያሳዝነውን ጄክዊዝንና የፍየል እረኛዪቱን ኦድሪን ከራሱ ጨምሮ ገድሉን ወደ ጨዋታ መለሰው። ከጋሜሊን የወረሰው የግፍ ሥር ግን አልተነቀለም። የበኩር ልጅ ርስቱን ጠቅልሎ የሚወርስበት ሕግ ታናናሾቹን ባዶ እጃቸውን የሚያስቀርበት ኅብረተሰብ በተውኔቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሥሩ የት ላይ እንደሚታይ የሚያሳየው ደግሞ ስደተኞቹ መንደሪቱ ሲደርሱ የሚሆነው ነገር ነው። ሮዛሊንድና ሴሊያ ደክመው፣ ተርበው፣ አጫዋቹም እግሩን እያማረረ፣ ኮሪን የተባለ ሽማግሌ እረኛ ያገኛሉ። በወርቅም ሆነ በፍቅር የሚያስጠጋቸው ቤት ካለ እንዲያሳያቸው ይለምኑታል። ተመልካቹ የሚጠብቀው የተረት መንደር መልስ ነው። ኮሪን ግን የሚነግራቸው የዘመኑን እውነት ነው፦ እርሱ የሰው ቅጥር ነው፤ የሚያግዳቸውን በጎች ጠጉር የሚሸልተው ሌላ ነው፤ ጌታው ስስታም ስለሆነ እንግዳ በመቀበል መንግሥተ ሰማያትን ለመግባት የሚያስብ ሰው አይደለም፤ ጎጆው፣ መንጋውና ግጦሹ ሁሉ ለሽያጭ ቀርበዋል፤ ጌታው በሌለበትም በቤት ውስጥ የሚቀመስ ነገር የለም። ባገራችን በመሸበት ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ያለ መንገደኛ የሚያገኘውን መልስ ለሚያውቅ አንባቢ የኮሪን ኀፍረት ግልጽ ነው። ደግነት አልጎደለውም፤ የጎደለው ቤትና እህል ነው።

ይህ ከአየር የመጣ አልነበረም። በእንግሊዝ ምድር የሱፍ ንግድ ከገነነ ጊዜ ጀምሮ ባለመሬቶች የወል ግጦሹንና የእርሻ ማሳውን እያጠሩ የበግ መሰማሪያ ሲያደርጉ ኖረዋል። ቶማስ ሞር በ1516 ባሳተመው «ዩቶፕያ» በጎቹን ሰው እንደሚበሉ አራዊት አድርጎ እስከ መክሰስ ደርሶ ነበር። በዚያ ላይ ከ1594 እስከ 1597 ድረስ አዝመራ በተከታታይ ከሸፈ። የእህል ዋጋ ናረ፤ የሠራተኛው ምንዳ የመግዛት ኃይልም በ1597 ለመቶዎች ዓመታት ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ። በ1596 በኦክስፎርድሺር ባርቶሎሚው ስቲር የተባለ አናጢ አጥሮቹን እንድናፈርስ ኤንስሎ ከሚባለው ጉብታ ላይ እንሰብሰብ ብሎ ጠራ። በተቀጠረው የኖቬምበር ሌሊት የመጡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መንግሥቱ ግን ጉዳዩን እንደ ክሕደት ቆጥሮ አስመርምሮ በሚቀጥለው ዓመት መሪዎቹን በሞት ቀጣ። ምክር ቤቱም ብዙ ሳይቆይ እርሻ ወደ ግጦሽ እንዳይለወጥ የሚከለክል ሕግ ለማውጣት ተገደደ። ኮሪን በመድረክ ላይ ስለሚሸጠው መንጋ ሲናገር፣ ከፊቱ ቆሞ የሚያዳምጠው የአንድ ፔኒ ተመልካች ነገሩን ከመጽሐፍ የተማረው አልነበረም።

መንገደኛን በተመለከተም ሕጉ ምን ይል እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያው በ1597–98 በተቀመጠው ምክር ቤት የወጣው የባዘኖች ሕግ፣ ሥራና ጌታ ሳይኖረው ሲዞር የተያዘ ሰው ከወገቡ በላይ ተራቁቶ ደም እስኪወጣው በአደባባይ እንዲገረፍ፣ ከዚያም ወደ ተወለደበት አጥቢያ እንዲሰደድ ያዝዝ ነበር። ቀደም ብሎ በ1572 የወጣው ሕግ ደግሞ በአንድ መኰንን ስም ያልተጠለሉ ተዋንያንን ከእነዚሁ ባዘኖች ጋር ደምሮ ቆጥሯቸዋል። የሼክስፒር ጓዶች ከግርፋት የዳኑት «የንጉሣዊው ቤት አዛዥ ሰዎች» ተብለው በሹም ስም ስለ ተጠለሉ ነው።

መጠለያ ማጣትንም ቢሆን በእጃቸው ዳስሰውታል። ጄምስ በርቤጅ በ1576 በሾርዲች ያሠራው ቴአትር ቤት በኪራይ መሬት ላይ የቆመ ነበርና፣ የኪራዩ ዘመን ሲያበቃ ባለመሬቱ ጋይልስ አለን ውሉን ለማደስ እምቢ አለ። በዲሴምበር 28 ቀን 1598፣ በገና ሰሞን ብርድ፣ የበርቤጅ ልጆች አናጢውን ፒተር ስትሪትንና ሠራተኞቹን ይዘው ሄደው ቴአትር ቤቱን ግንድ በግንድ ፈቱት። መሬቱ የአለን ነው፤ እንጨቱ ግን የእኛ ነው ነበር ክርክራቸው። ግንዱ የቴምዝን ወንዝ ተሻግሮ በደቡብ ዳርቻ ግሎብ የተባለውን ዝነኛ ቴአትር ቤት ሆኖ በ1599 ቆመ። «እንደ ወደዳችሁ» የተጻፈው በዚያው ወራት ነው። ከመሬታቸው የተነሡ ሰዎች፣ ቤታቸውን ተሸክመው የተሻገሩ ሰዎች፣ ከመሬታቸው ስለ ተነሡ ሰዎች የሚያስቅ ተውኔት ተጫወቱ።

ስለዚህ በተውኔቱ ውስጥ ከሁሉ የሚልቀው አስማት ከሃይመን ይልቅ የምግቡ ትዕይንት ነው። ኦርላንዶ ሽማግሌውን አዳም በረኃብ ተዝለፍልፎ ከዛፍ ሥር ከተኛበት ትቶት ምግብ ፍለጋ ይሄዳል። ተባራሪው መስፍንና ሰዎቹ ማዕድ ዘርግተው ሲቀመጡ ሰይፉን መዝዞ ይደርስባቸውና፣ አንድ ፍሬ የነካ ይሞታል ብሎ ይዝታል። በዘመኑ ሕግ ይህ ጥያቄ የማያስነሣ ወንበዴነት ነው። መስፍኑ ግን ቁጭ በልና ብላ ይለዋል። ወጣቱ ያፍራል፤ በጫካ ውስጥ ያለው ሁሉ አረመኔ መስሎት እንደ ነበር ተናግሮ ሰይፉን ወደ ሰገባው ይመልሳል። እርሱ ግን ከሽማግሌው በፊት አይቀምስም።

ኦርላንዶ አዳምን ሊያመጣ በሄደበት ክፍተት ነው ጄክዊዝ በዓለም ሁሉ የታወቀውን፣ ዓለምን በመድረክ የሰውንም ዕድሜ በሰባት ገቢር የመሰለበትን ንግግር የሚያሰማው። የመጨረሻው ገቢር ጥርስ፣ ዓይን፣ ጣዕም፣ ሁሉም ነገር የጠፋበት እርጅና ነው ይላል። ይህ ንግግር በየትምህርት ቤቱ ለብቻው ተነጥሎ ይጠናል፤ ሲነጠል ግን ግማሹ ይጠፋል። ምክንያቱም ጄክዊዝ ተናግሮ እንደ ጨረሰ ኦርላንዶ አዳምን ተሸክሞ ይገባል። ወደ ሰማንያ የሚጠጋው ይህ አሽከር ለእርጅናው ያጠራቀመውን 500 ክራውን አውጥቶ ለወጣቱ የሰጠ፣ በእግሩም የተከተለ ሰው ነው። የንግግሩ መልስ በቃል አልተጻፈም፤ በትከሻ ላይ መጣ። ይህን ትዕይንት ለመድረክ የሚያዘጋጅ ሁሉ ኦርላንዶን በየትኛው ቅጽበት እንደሚያስገባ ደጋግሞ ቢያስብ ይበጀዋል።

አንድ ለአንባቢ ጨዋታ የሚሆን ወሬ እዚህ ላይ አለ። ሼክስፒር ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በተጻፈ አፈ ታሪክ፣ ደራሲው ራሱ በአንድ ተውኔት የሽማግሌ ሚና ይዞ በሌላ ሰው ተሸክሞ ወደ ማዕድ መቅረቡን ዘመዱ ያስታውስ ነበር ይባላል፤ ሰዎችም አዳምን ሆኖ ነው ይላሉ። ማስረጃ የለውም፤ ግን ያምራል።

ደራሲው ይህን የእንግዳ ተቀባዮች ጫካ ሲያወድስ ዓይኑን ጨፍኖ አልነበረም። ስደተኞቹ ለጫካው ባላገሮች ሸክም መሆናቸውን በጄክዊዝ አፍ ያናግራል። የተወጋ አጋዘን በወንዝ ዳር ሲያለቅስ አይቶ፣ መስፍኑ በገዛ አገራቸው ያገኛቸውን እንስሳት እያደነ ከቀማኛው ወንድሙ የባሰ ቀማኛ ሆኗል ይላል። ጎጆዋም ብትሆን ለሮዛሊንድና ለሴሊያ የተከፈተችው በወርቃቸው ነው። ሴሊያ መንጋውንና ግጦሹን ገዝታ የኮሪንን ምንዳ እንደምታሻሽል ቃል ትገባለች፤ ከመቅጽበት ስደተኛዪቱ ባለመሬት፣ ባላገሩ የእርሷ ቅጥር ይሆናል። ታችስቶን ደግሞ የመንደሩን ልጅ ኦድሪን ያገባል፤ እርሷን ሲጠብቅ የኖረውን የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ በቤተ መንግሥት ምላስ አስፈራርቶ ያባርረዋል። ጎረምሳው የተወለደው በዚያው ጫካ ነው፤ ስሙም ዊልያም ይባላል። የደራሲው እናት ሜሪ አርደን ከዚያው ስም የመጣች፣ እርሱም ዊልያም መሆኑን ያስተዋለ ተመልካች ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ዊልያም ሼክስፒር ግን እንደዚያ ጎረምሳ የዋህ አልነበረም። በሜይ 1597 በትውልድ ከተማው በስትራትፎርድ ከትልልቆቹ ቤቶች አንዱን ገዛ። በፌብሩዋሪ 1598 በረኃቡ ምክንያት በከተማው ማን ምን ያህል እህልና ብቅል እንዳከማቸ ሲመዘገብ በእርሱ ስም 10 ኳርተር፣ ማለት 80 ቡሽል ብቅል ተገኘ። ከእርሱ የበለጠ ያከማቹ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ቢሆንም የኮሪንን ባዶ ጎጆ የጻፈው እጅና ብቅሉን የቆለፈው እጅ አንድ ነው። በ1607 የዋሪክሺርን፣ የኖርዛምፕተንሺርንና የሌስተርሺርን ገበሬ ያስነሣው የአጥር ማፍረስ ዐመፅ ኒውተን በተባለ ስፍራ ከ40 እስከ 50 በሚገመቱ ሰዎች ሞት ተደመደመ። በ1614 ደግሞ በስትራትፎርድ አጠገብ ዌልከም የተባለው መስክ ሊታጠር ሲል፣ በዚያ መሬት የዐሥራት ገቢ ድርሻ የነበረው ሼክስፒር ከአጣሪዎቹ ወገን ጥቅሙ እንዳይጎዳ የሚያስጠብቅ ውል ተፈራረመ። በሚቀጥለው ጃንዋሪ የተቆፈረውን የአጥር ቦይ አፈር መልሰው የደፈኑት የከተማዪቱና የአካባቢው ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ኪነ ጥበብ ከሠሪው ኑሮ አርቆ የሚያይበት ጊዜ አለ። የ1599ኙ ተውኔት የ1614ቱ ባለጥቅም ሊናገረው የማይደፍረውን ይናገራል። እንግዳ በወርቅ የሚቀበሉት ሳይሆን ስለ ተራበ የሚቀበሉት መሆኑን፣ ሰይፍ የያዘ ሁሉ ወንበዴ እንዳልሆነ፣ የሁለት ስደተኞች ፍቅርም ለጨዋታ የሚበቃ ትርፍ ጊዜና የሚያስጠጋ ጣራ ሲያገኝ ብቻ እንደሚያብብ ያሳያል። ይህ ሁሉ በሳቅ መነገሩ አያቀለውም። በዚያ የግርፋት ዘመን በሌላ መንገድ ቢነገር ኖሮ ከመድረክ መድረሱም ያጠራጥራል።

በመጨረሻው ትዕይንት አራት ጥንዶች ይጋባሉ። ሮዛሊንድ የሴት ልብሷን ለብሳ ከሃይመን ጋር ትገባለች፤ ኦርላንዶም የጋኒሚድን ማንነት ያውቃል። ፍሬድሪክ እንደ መነነ፣ ለወንድሙም ዘውዱን እንደ መለሰ መልእክት ይመጣል፤ ለተሰደዱት ሁሉ መሬታቸው ይመለስላቸዋል። ከጥቂት ሰዓት በፊት በጫካው እረኛ ሆኜ እሞታለሁ ያለው የኦርላንዶ ወንድም እንኳ ርስቱን መልሶ ያገኛል። ጄክዊዝ ብቻ ወደ ቤተ መንግሥት አልመለስም ብሎ ከመናኙ ፍሬድሪክ ጋር ሊኖር ይሄዳል። ከዚያ ዘፈኑና ውዝዋዜው ይቀጥላል።

በዚህ ሠርግ ላይ ሁለት ሰዎች የሉም። አዳም ማዕዱ ላይ ከቀረበ በኋላ በተውኔቱ ውስጥ ዳግም አይታይም። ኮሪንም የታየው ለመጨረሻ ጊዜ ጌታውና እመቤቱ ይፈልጉሃል ብሎ ታችስቶንን ሊጠራ ሲመጣ ነው። መንጋው አሁን የማን እንደ ሆነ፣ ሴሊያ ቃል የገባችው ምንዳ መጨመሩን፣ ባለቤቶቹ ወደ ቤተ መንግሥት ሲመለሱ ጎጆዋ ዳግመኛ ለሽያጭ መቅረቧን ተውኔቱ አይናገርም። በጎቹ ግን በማግሥቱም መሰማራት ነበረባቸው።